ከምረቃ አንድ ዓመት ሲቀር ምን፣ መቼ፣ ስንት ኮፒ?

#1 ማለዳ

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛ ደረጃን ለመጨረስ ድፍን አንድ ዓመት የቀረው ተማሪ ምን ማድረግ እንዳለበት በቅደም ተከተል የሚያውቅ ካለ ይጻፍልን። በየቦታው የሚገኘው ምክር «በርቱ፣ አጥኑ፣ ትልቅ አስቡ» ነው፤ እሱን ጠግበናል። የቸገረን የትኛው ወረቀት ከየት ይወጣል፣ በስንት ኮፒ፣ ከስንት ሳምንት በፊት የሚለው ነው። ዩኒቨርሲቲ ለማይገባም መልስ ቢኖር ጥሩ ነው።

#2 መዝገብ ቤት

እህቴ፣ ለጊዜው የምረቃውን ቀን እርሺው። ቆጠራው የሚነሳው ማመልከቻው ከሚዘጋበት ቀን ነው። ብዙ ተቋማት ማመልከቻ የሚዘጉት ትምህርት ከመጀመሩ ወራት ቀድመው ነው፤ የስኮላርሺፑ መዝጊያ ደግሞ ከመደበኛው ማመልከቻም ሊቀድም ይችላል። ተማሪው ገና ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ እየተማረ በሩ ይዘጋል ማለት ነው። «ልመረቅና ከዚያ አስባለሁ» ያለ ሰው ዓመት የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

ቀኑን ከያዝሽ በኋላ ወደ ኋላ ትቆጥሪያለሽ፦

- 1 ሳምንት ቀደም ብሎ፦ የራስሽ መዝጊያ ቀን። ሁሉም ነገር በዚህ ቀን ይላካል፤ ቀሪው ሳምንት ለብልሽት ነው።
- 4 ሳምንት፦ ትራንስክሪፕት (የውጤት ማስረጃ) መጠየቅ። ፈተናና በዓል የሚገጥም ከሆነ 6 ሳምንት አድርጊው።
- 6 እስከ 8 ሳምንት፦ ሪኮመንዴሽን (የድጋፍ ደብዳቤ) የሚጽፉልሽን መምህራን ማነጋገር፤ የድርሰቱን የመጀመሪያ ረቂቅ መጨረስ።
- 4 ወር፦ የቋንቋ ፈተና የሚጠየቅ ከሆነ መፈተን። ውጤቱ ካላረካሽ ሁለተኛ ጊዜ ለመቀመጥ ቦታ ይኖርሻል። የአይኤልትስም ሆነ የቶፍል ውጤት የሚያገለግለው 2 ዓመት ስለሆነ በጣም ቀድሞ መፈተንም ኪሳራ አለው።
- 12 ወር፦ ክሬዲት (ላለፍሽው ትምህርት የሚያዝ ነጥብ) ማመሳከርና ስም ማጣራት።

የመጨረሻውን ነጥብ ማንም አይሠራውም፤ ብዙ ጣጣ የሚመጣውም ከሱ ነው።

#3 ማለዳ

ማመሳከር ስትሉ እንዴት? ሬጅስትራር ሄዶ «ክሬዲቴን ቁጠሩልኝ» ማለት ነው?

#4 መዝገብ ቤት

ባዶ እጅሽን ከሄድሽ «ደህና ነሽ» ተብለሽ ትመለሻለሽ። መጀመሪያ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጪ። አንዱ ትምህርት ቤቱ ለመመረቅ የሚጠይቃቸው ትምህርቶች ዝርዝር ነው፤ ሌላው እስከ ዛሬ ያለው ትራንስክሪፕትሽ። ያለፍሻቸውን ከዝርዝሩ ላይ በእርሳስ እየሰረዝሽ ውረጂ። ሳይሰረዝ የቀረውን ይዘሽ ሬጅስትራር ትሄጂና «ይህና ይህ ቀርቶኛል፣ ሌላ አለ?» ትያለሽ። መልሱን በጽሑፍ ወይም በኢሜይል ተቀበዪ።

በብዛት የሚገኙት ጉድለቶች የታወቁ ናቸው። ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ የመጣ ተማሪ የቀድሞ ውጤቱ ሳይገባ ይቀራል። ወድቆ የተደገመ ትምህርት ሁለቴ ይቆጠርና ክሬዲቱ የሞላ ይመስላል። «ያልተሟላ» ተብሎ የተያዘ ውጤት የማስተካከያ ጊዜው ያልፍና ወደ ውድቀት ይቀየራል። ነጥብ የሌለው ግዴታ ይረሳል፤ የማኅበረሰብ አገልግሎት ሰዓት አንዱ ነው፤ ሰዓቱ ተሠርቶም ቅጹ ሳይፈረም የሚቀርበት ጊዜ አለ። አንድ ዓመት ቀድሞ መሠራት ያለበት ምክንያት ደግሞ ግልጽ ነው። አንዳንድ ትምህርት በአንደኛው ሴሚስተር ብቻ ይሰጣል። በሁለተኛው ሴሚስተር መጉደሉን ያወቀ ተማሪ ዕውቀቱ ምንም አይጠቅመውም።

ክሊራንስ (ከትምህርት ቤቱ ዕዳ ነፃ መሆንን ማስፈረም) ደግሞ የራሱ ጉዳይ ነው። ያልተመለሰ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ፣ የላቦራቶሪ ዕቃ፣ የስፖርት ማልያ፣ ያልተከፈለ ውዝፍ፣ እነዚህ ሁሉ ሰርተፊኬት ያስይዛሉ። ከምረቃው ሁለት ወር በፊት በየክፍሉ ዞረሽ ዕዳሽን ጠይቂ። በመጨረሻው ሳምንት ሰልፉ ይረዝማል፤ ፈራሚውም አንዳንዴ ፈቃድ ላይ ነው።

#5 ሀሁ

መዝገብ ቤት ስምን ነካ አድርጎ አለፈው፤ ለኔ ግን ከሁሉም የሚብሰው እሱ ነው። ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍ ወጥ ሕግ የለውም። ሰርተፊኬቱ ላይ በአንድ «ኢ»፣ ፓስፖርቱ ላይ በሁለት፣ የፈተና ውጤቱ ላይ ደግሞ በሌላ ፊደል ይገባል። ለኛ አንድ ሰው ነው። ሰነዱን ለሚያጣራው የውጭ ሠራተኛ ግን ሦስት ሰው ነው።

መፍትሔው አንዱን ወረቀት አውራ ማድረግ ነው። ፓስፖርት ካለ ፓስፖርቱ፣ ከሌለ የልደት ምስክር ወረቀቱ አውራ ይሁን። ከዚያ የትምህርት ቤቱን መዝገብ፣ የፈተና ምዝገባውን፣ የባንክ ደብተሩን ከሱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። የልደት ቀንንም እንዲሁ፤ ቀንና ወሩ ቦታ ተለዋውጦ የሚጻፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ተማሪው ገና በትምህርት ገበታ ላይ እያለ ስህተቱ በአንድ ማመልከቻና በአንድ ማስረጃ ይታረማል። ሰርተፊኬቱ ታትሞ ከወጣ በኋላ ግን አንዳንድ ቦታ የፍርድ ቤት ወረቀት ሊጠየቅ ይችላል። ቅጽ ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ሲመጣም በግምት አትሙሉ፤ ፓስፖርቱ በዚያ ቦታ የጻፈውን እንዳለ ገልብጡ።

ፓስፖርትን ካነሳን፣ ብዙ አገሮች ከመግቢያው ቀን በኋላ ቢያንስ 6 ወር የሚያገለግል ፓስፖርት ይፈልጋሉ። «ገና አላለፈበትም» ብሎ መተማመን አይበቃም።

#6 ደጀን

@ማለዳ የትራንስክሪፕት ኮፒን በተመለከተ፦ የምታመለክቺባቸው ተቋማት ቁጥር ሲደመር 2። ከሁለቱ አንዱ ሳይከፈት ለድንገተኛ ይቀመጣል፤ ሌላው ተከፍቶ ለራስሽ ማመሳከሪያ ይሆናል። ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ማለት ትምህርት ቤቱ ያሸገው፣ በፖስታው መክደኛ መጋጠሚያ ላይ ማኅተም ያረፈበት፣ ወይም ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ የተላከ ነው። በራስሽ እጅ ከተከፈተ ወረቀቱ ያው ቢሆንም ኦፊሴላዊ መሆኑ ያበቃል። «ልክ መሆኑን ልየው ብዬ ነው» የሚል ሰበብ ማንም አይሰማም። ለዚህ ነው አንዱ ለራስሽ የሚወጣው።

ዋናውን ሰርተፊኬት በፖስታ ለማንም አትላኪ። ኮፒ ይረጋገጣል፣ የተረጋገጠው ይላካል።

ውጭ አገር ለሚያመለክት ደግሞ ሰነዱ የሚሄድበት አገርና የወጣበት አገር ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1961ዱ የሄግ የአፖስቲል (የሰነድ ማረጋገጫ) ስምምነት ውስጥ ካሉ አንድ ማረጋገጫ ይበቃል። አንዳቸው ከሌሉበት የማረጋገጫው መንገድ ሰንሰለት ነው፤ ከትምህርት ባለሥልጣን ወደ ውጭ ጉዳይ፣ ከውጭ ጉዳይ ወደ ኤምባሲ። አንዱ ጋ የተዘለለ ፊርማ ቀጣዩ ጋ ያስመልሳል። ትርጉም የሚያስፈልግ ከሆነም መጀመሪያ የሚረጋገጠው ዋናው ነው ወይስ ትርጉሙ የሚለውን ተቀባዩን ተቋም ጠይቁ፤ ሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። ተያይዞ በማኅተም የታሰረ ወረቀትን ለስካን ብላችሁ አትፍቱት። እንደታሰረ ገጹን እያጠፋችሁ ስካን አድርጉ።

#7 ጠመኔ

ስለ ሪኮመንዴሽን የማውቀውን ልበል። የሚጽፈው መምህር በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ያስተማረ ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ በፊት ያስተማረው የሚያስታውሰው ሌላ ልጅ ነው። ከፍተኛ ውጤት የሰጠው መምህር ሁሌም ጥሩ ጸሐፊ ነው ማለት አይደለም። ከ70 ወደ 88 ስትወጣ ያየ መምህር የሚጽፈው ነገር አለው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 95 ያየው ግን «ጎበዝ ናት» ብሎ ያቆማል።

አጠያየቁም የራሱ ወግ አለው። በኮሪደር ላይ አስቁሞ መጠየቅ አይሆንም፤ ቢሮ ገብተሽ «ጠንካራ ደብዳቤ ለመጻፍ የሚያስችል ያህል ያውቁኛል ብለው ያስባሉ?» ብለሽ ጠይቂ። ይህ አጠያየቅ መምህሩ በክብር እምቢ የሚልበት መንገድ ይሰጠዋል። እምቢ ካለሽ አትቀየሚ፤ ደካማ ደብዳቤ ከሚጽፍልሽ ያ ይሻላል።

እሺ ካለ አንድ ገጽ ወረቀት ስጪው፦ ሙሉ ስምሽ እንደ ፓስፖርቱ፣ የምታመለክቺበት የትምህርት መስክ፣ በሱ ክፍል የሠራሻቸው ሁለት ወይም ሦስት ሥራዎች ከነቀናቸው፣ የየተቋሙ መዝጊያ ቀንና አላላክ። መዝጊያውን የምትጽፊለት የራስሽን ቀን ነው፤ እውነተኛውን ከሰጠሽው በእውነተኛው ቀን ማታ ይቀመጥበታል። ማስታወሻ ሁለት ጊዜ ይበቃል፤ ሁለት ሳምንት ሲቀርና ሦስት ቀን ሲቀር።

#8 ማለዳ

አመሰግናለሁ ጋሼ። ቅጹ ላይ «ደብዳቤውን የማየት መብቴን ትቻለሁ» የሚል ሳጥን አየሁ። ምልክት ይደረግበታል?

#9 ጠመኔ

አዎ፣ ይደረግበት። ያልታየ ደብዳቤ አንባቢው ዘንድ ክብደቱ ይጨምራል፤ ተማሪው ሊያየው የሚችል ደብዳቤ ሲሆን መምህሩ ተሳቆ ጻፈው ይባላል። ሳጥኑን ምልክት ለማድረግ የሚያስፈራሽ መምህር ከሆነ ደግሞ የጠየቅሽው የተሳሳተ ሰው ነው።

ድርሰቱንም ልጨምር። የቃላት ገደቡን ከመጀመሪያው እወቂ። ኮመን አፕ የሚባለው የአሜሪካ የጋራ ማመልከቻ ከ250 እስከ 650 ቃል ይላል፤ ሌሎች በፊደል ይቆጥራሉ፤ ፊደል ሲባል ደግሞ ክፍተቱም ይቆጠራል። የተለመደው ስህተት የሕይወት ታሪክን ከልደት ጀምሮ መተረክ ነው። አንድ ክንውን ይበቃል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቦታ «ከዚያ በኋላ ምን አደረግሁ፣ ምን ለወጥኩ» የሚለው ላይ ይዋል። ሌላው ስህተት የአንዱን ተቋም ድርሰት ለሌላው ሲልኩ ስሙን መለወጥ መርሳት ነው። ሞኝ ስህተት ይመስላል፤ ግን በየዓመቱ የሚሠራ ነው። ፋይሉን በተቋሙ ስም ሰይሚና ከመላክሽ በፊት የሌሎቹን ስም በመፈለጊያ ሳጥን ፈልጊ።

#10 ሒሳብ ሹም

እስካሁን ስለ ገንዘብ ማንም አላነሳም፤ እኔ ልግባበት።

ተማሪ ሁለት ተቋም ሲያወዳድር የሚያየው የስኮላርሺፑን ትልቅነት ነው። መታየት ያለበት ግን የሚቀረው ክፍያ፣ ያውም በሙሉው ዘመን ነው። በቁጥር ልጻፈው፤ የገንዘቡ ዓይነት ምንም ይሁን።

«ሀ» በዓመት 9,000 ያስወጣል፣ 4,000 ስኮላርሺፕ ይሰጣል፤ ስኮላርሺፑ ግን ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው። «ለ» በዓመት 7,500 ያስወጣል፣ 1,500 ብቻ ይሰጣል፤ ግን ለ4 ዓመት። በመጀመሪያው ዓመት «ሀ» 5,000፣ «ለ» 6,000 ስለሆነ ሰው ሁሉ «ሀ»ን ይመርጣል። በ4 ዓመት «ሀ» 32,000 ሲሆን «ለ» 24,000 ነው። 8,000 የተበላው «የሚታደስ ነው ወይ?» ተብሎ ስላልተጠየቀ ነው።

የሚታደስ ከሆነም ለመታደስ የሚጠየቀውን ነጥብ በጽሑፍ ጠይቂ። ለመግባት የተጠየቀው ነጥብና ለማቆየት የሚጠየቀው ይለያያሉ። በመጀመሪያው ሴሚስተር ነጥብ መውረዱ የተለመደ ነገር ስለሆነ «ለአንድ ሴሚስተር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል ወይስ ወዲያው ይቋረጣል?» የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነው።

ወጪ ሲባልም የትምህርት ክፍያ ብቻ አይደለም። መኖሪያ፣ ምግብ፣ መጽሐፍ፣ ትራንስፖርት፣ ኢንሹራንስ፣ የቤት መያዣ፣ ኮምፒውተር ይደመር። የቤት መያዣና ኮምፒውተር የመጀመሪያው ወር ላይ አንድ ላይ ይመጣሉ። የስኮላርሺፕ የኪስ ገንዘብ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚለቀቀው ምዝገባ ከተጠናቀቀና የባንክ ሒሳብ ከተከፈተ በኋላ ነው። ስለዚህ ከ6 እስከ 8 ሳምንት የሚያኖር ጥሬ ገንዘብ በእጅ ይኑር።

#11 የሁለት ልጆች እናት

ብድርስ? ልጄ «ሥራ ሲይዝ ይከፈላል» ይላል። ስንት እንደሚሆን አስልተው የሚያሳዩኝ ቢገኝ።

#12 ሒሳብ ሹም

እትዬ፣ በምሳሌ ላሳይዎት። 10,000 በዓመት 6 በመቶ ወለድ፣ በ10 ዓመት የሚመለስ ብድር ይሁን። ክፍያው ወዲያው ከጀመረ በየወሩ 111 ገደማ ነው፤ ጠቅላላው 13,322 ይሆናል።

አሁን ልጁ 4 ዓመት እየተማረ አይከፍልም እንበል፤ ወለዱ ግን ይቆጥራል። ተራ ወለዱ ብቻ 2,400 ይሆንና ክፍያው ሲጀምር ዕዳው 12,400 ሆኖ ይጠብቀዋል። በዚያው 10 ዓመት ወርኃዊው ወደ 138 ከፍ ይላል፤ ጠቅላላው 16,520 ገደማ ነው። በተማረባቸው 4 ዓመታት ወለዱን ብቻ፣ ማለትም በወር 50፣ መክፈል ከቻለ ዋናው 10,000 ላይ ይቆያል። ስለዚህ አበዳሪውን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ወለዱ ከመቼ ጀምሮ ይቆጥራል? የማይለወጥ ነው ወይስ የሚለዋወጥ? ቀድሞ መክፈል ቅጣት አለው?

ዋስ የሚሆኑት እርስዎ ከሆኑ ደግሞ ብድሩ የእርስዎም ነው፤ ልጁ አንድ ወር ቢያዘገይ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።

#13 መሮ

ሁሉም ሰው ስለ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚያወራው፤ ጠያቂዋ ግን ስለ ሌላውም ጠይቃለች።

የሙያ ሥልጠና ሁለት ዓይነት ነው፤ ክፍል ውስጥ ተምሮ በመጨረሻ ልምምድ የሚወጣበትና ከመጀመሪያው ቀን ድርጅት ውስጥ እየሠሩ የሚማሩበት። ሁለተኛው በጀርመን ሥርዓት ከ2 እስከ 3 ዓመት ተኩል የሚፈጅ ሲሆን ሠልጣኙ በሳምንት 3 ወይም 4 ቀን ድርጅቱ ጋ፣ ቀሪውን ሙያ ትምህርት ቤት ያሳልፋል፤ ደመወዝም ያገኛል። የትም አገር ብትሆኚ መለኪያው ይኸው ነው፦ እጅሽ መሣሪያ የሚነካበት ሰዓት ከጠቅላላው ስንት ነው? አንድ የብየዳ ኮርስ «3 ወር» ቢልሽ ሰዓቱን ጠይቂ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ሰዓት ከሆነ 3 ወሩ 50 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ ለ15 ሠልጣኝ 3 የብየዳ ማሽን ብቻ ካለ ደግሞ የአንዱ ድርሻ 10 ሰዓት ገደማ ነው። በዚህ ብየዳ አይለመድም።

ከመመዝገብሽ በፊት ሄደሽ ወርክሾፑን እዪ፤ የምትሄጂው ሥልጠና ባለበት ሰዓት ይሁን። ማሽኑ አቧራ ለብሶ ከሆነ መልሱን አገኘሽ። ሰርተፊኬቱን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ጠይቂ፤ ማሠልጠኛው ራሱ ነው ወይስ የምዘና ባለሥልጣን? የመከላከያ ጫማ፣ መነጽርና የእጅ መሣሪያ በማን ወጪ ነው? አንዳንዱ ሙያ ላይ የመሣሪያው ወጪ ከሥልጠናው ክፍያ ይበልጣል።

የቀጥታ ሥራ ለሚፈልግ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። «ሥራ አስገባለሁ» ብሎ ከፈላጊው ገንዘብ የሚቀበልን ሽሹ። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው 181ኛው ስምምነት ራሱ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኞች ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይወስዱ ይላል፤ የተፈቀዱ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩትም መነሻው ይህ ነው።

ሲቪ አንድ ገጽ። ልምድ የለኝም ብለሽ ባዶ አትተዪው፤ የክበብ ገንዘብ ያዥነት ልምድ ነው፣ ግን በቁጥር ይጻፍ፤ ስንት አባል፣ ስንት ወር፣ በምን መዝገብ።

#14 ዕረፍት

አንድ ዓመት አርፎ መግባትስ? ማንም አላነሳውም። እኔ ያለ ዕቅድ ከመግባት ይሻላል ባይ ነኝ።

#15 መዝገብ ቤት

ወንድሜ፣ ዕረፍቱን አልቃወምም፤ አደራረጉን ግን እቃወማለሁ። ሳያመለክቱ ማረፍና አመልክቶ፣ ቦታ ይዞ ማረፍ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። የኋለኛው ይሻላል፤ መምህራኑ አጠገብህ እያሉ፣ ትምህርቱም ጭንቅላትህ ውስጥ እያለ ታመለክታለህ። ተቀባይነት ካገኘህ በኋላ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩልህ በጽሑፍ ትጠይቃለህ። የሚያርፉበትን ዕቅድ በወር ከፋፍሎ የሚያሳይ ደብዳቤ የተሻለ ዕድል አለው።

የሚሰናከለው እንዲህ ነው። ማቆየት መብት አይደለም፤ እምቢ ሊሉ ይችላሉ። ቦታው ቢቆይም ስኮላርሺፑ ላይቆይ ይችላል፤ ሁለቱ በተለያየ ቢሮ ስለሚታዩ ለሁለቱም ለየብቻ ጠይቅ። በዕረፍቱ ዓመት ሌላ ቦታ ለክሬዲት መማር ብዙ ተቋማት ጋ ያስወጣል፤ «አዲስ ገቢ» መሆንህ ያበቃና እንደ ተዛዋሪ ትቆጠራለህ። የቋንቋ ፈተና ውጤትህም በዚያ መሀል 2 ዓመቱ እንዳይሞላበት ቁጠር።

#16 ዕረፍት

የቋንቋ ፈተናውን አላሰብኩትም ነበር። ተቀብያለሁ።

#17 መርፌ

ስለ ጋዋን ማንም የማይጠይቅ ከሆነ ሳልጠየቅ ልመልስ 🙂

ቁመት የሚለካው በዕለቱ በሚደረገው ጫማ ነው። ጋዋኑ ከጉልበት በታች፣ ባት መሀል ላይ ቢያርፍ ያምራል፤ ቁርጭምጭሚት ላይ ከደረሰ ደረጃ ሲወጣ ይረገጣል። ቆቡ የሚለካው ግንባር ላይ፣ ከቅንድብ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ነው፤ የዕለቱን የፀጉር አሠራር አስቀድማችሁ አስቡ፤ በተጎነጎነ ፀጉር ላይ ቆቡ ሊጠብ ይችላል። ተጣጥፎ ከፌስታል የወጣ ጋዋን በማግስቱ አይለበስም፤ ሦስት ቀን ቀድሞ በሰፊ መስቀያ ይሰቀል። ጨርቁ ብዙውን ጊዜ ፖሊስተር ስለሆነ በጋለ ካውያ ይቀልጣል ወይም ያብለጨልጫል። ካውያውን በዝቅተኛ ሙቀት አድርጋችሁ፣ ገልብጣችሁ፣ በላዩ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ ተኩሱ።

ስማችሁ ለሚያነብ ሰው የሚከብድ ከሆነ በካርድ ላይ አነባበቡን ጽፋችሁ በልምምዱ ቀን ስጡ። የሚጠብቀውና የሚላላው ፊደል ላይ ምልክት አድርጉ፤ ስም የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው።

#18 ሽቦ

ስለ ኮምፒውተር ነገር ጥቂት ልበል።

በትምህርት ቤት ኢሜይል አታመልክቱ። ከተመረቃችሁ በኋላ አካውንቱ ይዘጋል፤ የመግቢያ ኮድና የስኮላርሺፕ ማሳወቂያ እዚያ ይቀራል። አሁኑኑ በሙሉ ስማችሁ የግል ኢሜይል ክፈቱ፤ በትምህርት ቤቱ የተከፈቱ አካውንቶችን ሁሉ ወደሱ አዛውሩ፤ ፋይሎቻችሁን አውርዱ። ማለፊያ ቃል የሚታደስበት ስልክ ቁጥርም የራሳችሁ ይሁን እንጂ የአጎት አይሁን።

ስካን በ300 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ)፣ በቀለም፣ ማኅተሙ እንዲታይ። ብዙ ገጽ ከሆነ በአንድ ፒዲኤፍ። መጠኑ ከተፈቀደው ካለፈ ወደ 200 አውርዱት እንጂ በስልክ ፎቶ አትተኩት፤ ጥላና ጠማማ ጠርዝ ያስመልሳል።

መዝጊያ ሰዓት ደግሞ ወጥመድ አለው። 23:59 ማለት በኛ አነጋገር ከሌሊቱ 5:59 ነው፤ ያውም በተቋሙ አገር ሰዓት። «12:00» የሚል ካያችሁ ቀትር ነው ወይስ እኩለ ሌሊት ብላችሁ አጣሩ፤ በኛ 12 ሰዓት ብላችሁ ካነበባችሁት 6 ሰዓት ትስታላችሁ። መዝጊያው ሲቃረብ ድረ ገጹ ይጨናነቃል፤ ቢያንስ 48 ሰዓት ቅደሙ፤ ከላካችሁ በኋላ የማረጋገጫ ቁጥሩን ፎቶ አንስታችሁ ያዙ።

#19 ማለዳ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። አንዱ ተቋም ተቀብሎ፣ ቦታ ለመያዝ ዲፖዚት በዚህ ቀን ክፈዪ ቢል፣ የሌላው የስኮላርሺፕ መልስ ደግሞ ከዚያ ሦስት ሳምንት ዘግይቶ የሚመጣ ቢሆን ምን ይደረጋል?

#20 ሒሳብ ሹም

ቀኑ እንዲራዘም ጠይቂ፤ ብዙዎች አያውቁም እንጂ ሲጠየቅ ሊራዘም ይችላል። ከመዝጊያው ቢያንስ 10 ቀን በፊት በኢሜይል፣ አጭር አድርገሽ ጻፊ፦ ስምሽ፣ የማመልከቻ ቁጥርሽ፣ መምጣት እንደምትፈልጊ፣ የገንዘብ ድጋፍ ውሳኔ በዚህ ቀን እንደሚደርስሽ፣ እስከዚያ ቀን እንዲታገሱሽ። በስልክ «እሺ» ቢሉሽም በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልሽ ጠይቂ።

እምቢ ካሉ ዲፖዚቱ የማይመለስ መሆኑን አጣሪና እንደ መድን ክፍያ አስዪው። የሚጠፋው 200 ከሆነና ሌላው ካልተሳካ የምታጪው ሙሉ ዓመት ከሆነ፣ ይከፈል። አስገዳጅ ቃል የሚያስፈርም ማመልከቻ ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ እዚያ ከፈረምሽ ሌሎቹን ማንሳት አለብሽ።

#21 መዝገብ ቤት

በዚያ ላይ፦ ቅበላሽ «በመጨረሻው ውጤት ላይ የተመሠረተ» ከሆነ ዲፖዚት መክፈል ብቻውን ቦታውን አያጸናም። የመጨረሻው ትራንስክሪፕት ከምረቃ በኋላ እንደገና መላክ አለበት። ትምህርት ቤቱ በክረምት ስለሚዘጋ የመላኪያ ጥያቄውን ከመጨረሻው ፈተና በፊት ፈርመሽ ውጪ።